የረቡዕና የዓርብ ሎሚ

ጥቅምት አራት ቀን ጠዋት ጋሽ ያፌት ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ የበራቸው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፦ «ሳጥንዎ ሞቷል። አርባ ቀን አለዎት።» ከሥሩ አነስ ባለ ፊደል መልካም ቀን ተመኝቶላቸዋል።

ሳጥኑን የገደለው የለቅሶ ምግብ ነው። ባለቤታቸው ኤልዳና መስከረም ማለቂያ ላይ ስታርፍ የእድሩ ሰው፣ የሕንፃው ሰው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው የድሮ ባልደረባ ሁሉ በወጉ እንጀራና ወጥ እየያዘ መጣ። ሐዘንተኛ መቼም አይበላም። አስተዛዛኙም ለይሉኝታ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይተዋል። ምግብ ደጅ መጣል ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሰባት ቀን ሙሉ የተረፈው ሁሉ ወጥ ቤት ጥግ ወደተቀመጠው ሳጥን ተገለበጠ። ውስጡ ያሉት እጮች የለመዱት የአንድ ባልና ሚስት ትርፍራፊ ነበር፤ የመቶ ሃምሳ ሰው ወጥ ሲወርድባቸው ታፍነው አለቁ። የከተማው የሳጥን ጽሕፈት ቤት መመሪያ ሳጥን የሚሞትባቸውን አሥራ ሰባት ምክንያቶች ይዘረዝራል። ለቅሶ ከነሱ ውስጥ የለም።

ደብረ ብርሃን ቆሻሻ የሚጭን መኪና ካየች ሃያ ዓመት አልፏታል። እያንዳንዱ ቤት ልጣጩንና ትርፍራፊውን ለጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ያበላል። እጩ ሲደልብ ግማሹን የዶሮ መኖ ሰብሳቢው ይወስደዋል፤ የቀረው ጠቁሮ ይተኛል፣ ዝንብ ሆኖ ይነሣል፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል፣ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ከሥር የሚቀረው ብስባሽ ለጓሮ አትክልት ይሆናል። ሰዉ ለምዶታል። ሠፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ «የናንተ ሳጥን ይሸታል» ይባባላል እንጂ ሌላ ስድብ እየተረሳ ነው።

ሳጥኑ ታዲያ የሚገባለትን ይመዝናል፤ ምን እንደሆነም ይለያል። መዝኖ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። በተለይ አንድ ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቤት፣ ሳጥኑን በሕይወት ማቆየት ያቃተው ሰው ራሱንም ማቆየት አይችልም ተብሎ ይታሰብና ሸዋ ሮቢት ወዳለው ማረፊያ ይወሰዳል። ማረፊያው መጥፎ ነው የሚል የለም። ይሞቃል፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ተመዝኖ መጥቶ ሳህኑ ተመዝኖ ይመለሳል። ጋሽ ያፌት የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች እዚያ ገብተዋል። እየደወሉ በጣም ደህና ነን ይላሉ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ።

ጋሽ ያፌት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከኤልዳና ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ሹራቧ አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። ከዚህ ቤት መውጣት እሷን ሁለተኛ መቅበር መስሎ ታያቸው። ችግሩ ሳጥኑን ከመጣ ጀምሮ ነክተውት አያውቁም። ትል ይጸየፋሉ። የሳጥኑ ሥራ የኤልዳና ነበር፤ የሳቸው ድርሻ ክዳኑ ሲከፈት ወደ በረንዳ መውጣት ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ለአንድ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ዘር ይሰጣል። አምስት ግራም እንቁላል፣ በትንሽ ከረጢት። አርባው ቀን ሲሞላ ሳጥኑ ዝንብ አስነሥቶ አዲስ እንቁላል ካልተገኘበት ባለቤቱ ይወሰዳል። ጋሽ ያፌት ከረጢቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው አመጡና በመመሪያው መሠረት የታጠበው ሳጥን ውስጥ አኖሩት። መመሪያው ሙቀቱ ሃያ ሰባት ዲግሪ እንዲሆን ያዛል። የጻፈው ሰው አዳማ ተቀምጦ እንደጻፈው ያስታውቃል። ደብረ ብርሃን ላይ የጥቅምት ውርጭ መስኮት ያነጣል። በስድስተኛው ቀን እንቁላሎቹ ደርቀው አሸዋ መሰሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ፊት ለፊት በር ያለችው ሂክማ አንኳኳች። ሂክማ በእንስሳት ክሊኒክ ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆናት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ሳጥኗ በሕንፃው የታወቀ ነው፤ ክዳኑ ቢከፈት እንኳ አይሸትም ይባላል። በእጇ በጨርቅ አፉ የታሰረ ኩባያ ይዛለች። ሰው ለጎረቤቱ እርሾ እንደሚያበድረው፣ ሁለት ማንኪያ የሚሆን የሚርመሰመስ ነገር ከራሷ ሳጥን ቀንሳ ነው ያመጣችው። ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠየቋት። መመሪያውን ሦስቴ አንብባዋለች፤ ስለ ጎረቤት አንድም ቃል የለበትም።

ከዚያ ሳጥኑን ዞር ብላ አየችና ምን እንዳለበሱት ጠየቀች። ምንም አላለበሱትም።

«አርባ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተህ ሳጥንህ በብርድ ይሙት?» አለች።

እውነቷን ነበር። ጋሽ ያፌት ከቁም ሣጥን የመንዝ ባና፣ ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ አወጡና ሁለት እጥፍ አድርገው ሳጥኑን ጠቀለሉት። ማታ ማታ ከወጥ ቤት እየጎተቱ አልጋቸው አጠገብ ያስጠጉት ጀመር። ትል የሚጸየፉ ሰውዬ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ አስቀድመው የሚያዩት ትሎቹን ሆነ። ክዳኑ ሲነሣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከሩቅ ሲወርድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ሲበሉ ነው። ሦስት ቀን ሰቀጠጣቸው። በአራተኛው ቀን ጆሯቸውን አስጠግተው ሲያዳምጡ ራሳቸውን አገኙት።

መብላቱ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ኤልዳና ካረፈች ወዲህ ጋሽ ያፌት የሚኖሩት በሻይና በዳቦ ነው፤ ከሻይና ከዳቦ ደግሞ ልጣጭ አይወጣም። ሰሌዳው በየጠዋቱ ይጠይቃል፦ «ትናንት ዘጠና ግራም። የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?» ጋሽ ያፌት ለሰሌዳ መልስ የመስጠት ልማድ የላቸውም። እጮቹ ግን ሲርባቸው በሳጥኑ ግድግዳ ይወጣሉ። አንድ ጠዋት ነጠላ ጫማቸው ውስጥ ሁለቱን ካገኙ በኋላ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው።

ድንች ገዙ። ልጣጩ ለእጮቹ እንዲሆን ድንቹ መላጥ ነበረበት። የተላጠ ድንች ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይቀቀላል። የተቀቀለም ይበላል። በማግስቱ ካሮትና ጥቅል ጎመን፣ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ። ኤልዳና የጻፈቻቸው የወጥ አሠራሮች መሳቢያ ውስጥ ተገኙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበቷቸው ላይ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመለሱ። ለትሎች ብለው እንደሚያበስሉ ለራሳቸው ይነግሩ ነበር፤ እውነትም ለትሎቹ ነበር።

ጋሽ ያፌት በጾም የሚታሙ ሰው ነበሩ። ኤልዳና አንድ ጾም ሳታጎድል ስትኖር እሳቸው ረቡዕም ዓርብም ምክንያት አያጡም፤ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ መንገድ፣ አንዴ ደግሞ ረሳሁት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብን ለሷ ሲሉ ይዘዋል። ሲሞቱ የሚጠይቃቸው ቢኖር እግዜር ሳይሆን ኤልዳና ትሆናለች ብለው ነው የሚፈሩት።

አንድ ረቡዕ ሂክማ እጮቹን ልታይ ብቅ አለች። ምሳ ሰዓት ነበር። ጋሽ ያፌት በኤልዳና መስፈሪያ እየሰፈሩ ስለሚሠሩ ምስሩ የሁለት ሰው ሆኖ ቀርቧል። ቁጭ በይ አሏት። ሁለቱም ያመነቱት ለአፍታ ነው። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አይሆንም፤ እሷ የሙስሊም የታረደውን፣ እሳቸው የክርስቲያኑን ነው የሚበሉት፤ በዚህ ከተማ ሳጥንና ሰሌዳ ቢመጣም ይኼ አልተለወጠም። ምስር ግን አይታረድም። ሂክማ እጇን ታጠበች፣ ከቀሚሷ ኪስ ሎሚ አወጣች፣ ምስሩ ላይ ጨመቀችበት። ሰላጣው ላይም፣ ሹሮው ላይም ጨመቀች። ሹሮ ላይ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው ጋሽ ያፌት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በልታ ስትነሣ ልጣጩን ሰብስባ ልትወስድ ነበር። እንግዳ የበላበትን ልጣጭ ይዛ ከቤታቸው ስትወጣ ማየት አልሆነላቸውም። ተቀብለው ሳጥኑ ውስጥ ጣሉት።

ዓርብ ዕለትም መጣች። በሚቀጥለው ረቡዕም። በሌላ ቀን አትመጣም፤ በሌላ ቀን ምጪ የሚሏት በምን ምክንያት ነው? የጾም ቀን ምክንያት አያሻውም፤ የሚበላው ለሁለቱም ይሆናል። ጋሽ ያፌት ሰኞ ላይ ሆነው ረቡዕን መቁጠር ጀመሩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀን መቁጠሩ ትንሽ ያሳፍራቸው ነበር፤ ቢሆንም ይቆጥራሉ።

በሃያ አራተኛው ቀን እጮቹ ጠቁረው መተኛት ጀመሩ። በሠላሳ አምስተኛው ቀን የመጀመሪያው ዝንብ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ትሑት ሆኖ ወጣ። ጋሽ ያፌት በሂክማ ትእዛዝ በረንዳው ላይ የአጎበር ድንኳን ሠርተው ነበር፤ ዝንቦቹ የሚዳሩት ፀሐይ ሲያገኙ ነውና። የሚበሉትን ልስጣቸው ወይ ብለው ጠየቋት። ይኼ ዝንብ አንዴ ክንፍ ካወጣ እንደማይበላ ነገረቻቸው። አንድ ሳምንት ይኖራል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ አበቃ።

«እስኪሞት ይጾማል ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ያፌት።

«እስኪሞት።»

ኤልዳና ይኼን ስንት ጊዜ ልትነግራቸው እንደሞከረች፣ እሳቸው ደግሞ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ እንደነበሩ ያኔ ትዝ አላቸው።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ፤ ለአርባው ቀን የቀሩት ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው። የሕንፃው ሰው ቆሻሻ ሰብስቦ የሚያቃጥልበት፣ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። የሚቃጠል ቆሻሻ ግን ከተማው ውስጥ የለም። ሰው ታዲያ ልማዱን አይተውምና ከየዳገቱ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል በፌስታል አምጥቶ፣ ቆሻሻ አስመስሎ በትኖ፣ መልሶ ጠርጎ ለኮሰው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ጋሽ ያፌትና ሂክማ ድንኳኑን በባናው ለመሸፈን ተሯሯጡ፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን እሷ ይዘው ጭሱ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሙ። ክንዳቸው ደነዘዘ። ባናውን ሲገልጡት ዝንቦቹ አጎበሩ ላይ ተደርድረው ነበር፤ የሞቱት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ኅዳር አሥራ አራት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ስሟ ጥሩወርቅ ይባላል። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የቅድመ አያቱን ስም ይዟል፤ ያፌትና ኤልዳና የሽማግሌ ስም ሆነው ቀርተዋል። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ለብ ያለውን ሳጥን በእጇ ዳሰሰች፣ ባናውን ገለጥ አድርጋ አየች። በረንዳ ወጥታ ድንኳኑ ውስጥ ከተንጠለጠሉት የካርቶን ቁራጮች አንዱን ገለጠች። በሁለቱ ንጣፎች መካከል ክሬም ቀለም ያላቸው፣ ከጤፍ የቀጠኑ እንቁላሎች ተከምረዋል።

ጋሽ ያፌት ወንበር ያዙ።

ጥሩወርቅ ግን አልጨረሰችም። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ የአርባ ቀን ክብደት፣ ቀን በቀን። ጉብታዎቹ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ናቸው።

«አባባ፣ ክርስቲያን ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በጾም ቀን ከሌላው ቀን እጥፍ የሚበሉት ለምንድን ነው?»

የጾም ምግብ ልጣጭ እንደሚበዛው ሊያስረዱ ሞከሩ። መጥፎ መልስ አልነበረም፤ ራሷንም ነቀነቀችላቸው። ከዚያ ጣቷን ወደ ሌላ መስመር አወረደች። ሎሚ። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሎሚ አለ። የጤና መዝገባቸው ደግሞ በጨጓራ ምክንያት ሎሚ የተከለከሉ መሆናቸውን ይናገራል።

ጥሩወርቅ ነገሩን በለሆሳስ አስረዳቻቸው። የሌላ ቤት ትርፍራፊ አስገብቶ ብቸኛ ሰው የሚበላ ማስመሰል ማሳበጥ ይባላል። ማሳበጥ ከተገኘ ሁለቱም ሳጥኖች ይዘጋሉ፤ የሰጪውም፣ የተቀባዩም። ሰጪው ብቻውን የሚኖር ከሆነ እሱም ወደ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል። ስለዚህ መልሳቸውን አስበው ቢናገሩ ጥሩ ነው።

ጋሽ ያፌት አሰቡ። ዝም ቢሉ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ቢናገሩ ሂክማን ይዘዋት ሊሄዱ ይችላሉ። ዓይናቸው በበሩ ኋላ ወዳለው ሹራብ ሄደ። ኤልዳና ውሸታቸውን ሁልጊዜ ከሩቅ ታውቅ ነበር።

«ትርፍራፊው የኔ ነው» አሉ። «የበላችው ሂክማ ናት። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ። ሎሚው የሷ ነው፤ ልጣጩን ልትወስድ ስትል ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እንግዳ ልጣጭ ተሸክማ ከቤቴ አትወጣም።»

«በአርባ ቀን ስንት ጊዜ?»

«ረቡዕና ዓርብ። ከጀመረች ወዲህ አልቀረችም።»

ጥሩወርቅ እንግዳ የሚባለው በአርባ ቀን እስከ ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ በላይ የመጣ ነዋሪ ነው። ሂክማ ደግሞ ነዋሪ ልትባል አትችልም፤ የራሷ ቤት አላት። ቅጹ ሁለቱንም አያስተናግድም። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከታች ሰው ባልዲ ሲያጋጭ ይሰማል።

«አያቴን ሸዋ ሮቢት ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «ሳጥኗ ሞቶባት። ደንቡ ነው ብዬ።»

ጋሽ ያፌት ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ።

«በጣም ደህና ነኝ ትላለች።»

ሁለቱም ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ጥሩወርቅ ወደ ቅጹ ተመለሰችና «የነዋሪ ብዛት» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ቁጥር ይጠይቃል። ሙሉ ቁጥር ይሁን አይልም። ከሰባት ቀን ሁለቱን አስልታ፣ አንድ ነጥብ ሁለት ዘጠኝ ብላ ሞላችው። ቅጹ የተጫነበት ማሽን ለአፍታ አሰበና አረንጓዴ አበራ። የብቸኛ ሰው ደንብ የሚሠራው ነዋሪው አንድ በሆነበት ቤት ነው፤ አንድ ነጥብ ሁለት ዘጠኝ ደግሞ አንድ አይደለም። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትወርድ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን ትዘል ነበር።

አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ሂክማ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በሯ ላይ ያለው ሰሌዳ ተለውጦ ነው። ከጋሽ ያፌት ላይ የተጨመረው ከሷ ላይ መቀነስ ነበረበትና፣ የነዋሪ ብዛት ዜሮ ነጥብ ሰባት አንድ ይላል።

«ከገዛ ቤቴ ጎደልኩ» አለች። «ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

የሆነውን ሁሉ ነገሯት፤ ሸዋ ሮቢትን፣ ማሳበጡን፣ ሎሚውን። ከአንድ ያነሰ ቤትም ብቸኛ ስለማይባል እሷንም ከእንግዲህ የሚጠይቃት እንደሌለ ጨመሩላት። ሂክማ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳጥኗ እንዳይሞት ፈርታ ስትኖር፣ ይኼን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

ጋሽ ያፌት የባናውን ጫፍ አስተካከሉ። ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ ኅዳር አሥራ አምስት፣ የገና ጾም ይገባል።

«ነገ ጾም ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። ኤልዳና እንጂ አንተ መቼ ጾመኸው ታውቃለህ?»

«ዘንድሮ እጾመዋለሁ። አርባ ሦስቱንም ቀን።»

አርባ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ምስርና ሹሮ፣ በየቀኑ ለሁለቱም የሚሆን ማዕድ። ሂክማ ጣቶቿን እያጠፈች አሰላች።

«በየቀኑ ከመጣሁ የኔ ቤት ዜሮ ሊሆን ነው። በሬ ላይ ምን ብለው ሊጽፉ ነው?»

«ፊት ለፊት ናት ብለው ይጻፉ።»

በማግስቱ የጋሽ ያፌት ሳጥን አራት መቶ ሃያ ግራም መዘገበ። ከዚያ ውስጥ ሃምሳው የሎሚ ልጣጭ ነበር። ሰሌዳው ስለ ምግብ ፍላጎት ምንም አልጠየቀም።